ልጄን መኝታ ቤት ደብቄ የዋልኩ ዕለት

ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል፤ ይህ ያለ ነው። ልጁ ሆኪ ጨዋታ ላይ ስለተሳሳተ ለቅሶ የተደረሰው ሰው ግን፣ እስከማውቀው ድረስ፣ እኔ ብቻ ነኝ። የምተርክላችሁ ነገር አንድ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። በእነዚያ አምስት ሰዓታት ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ፊት ዋሸሁ፣ የገዛ ልጄን መኝታ ቤት ከተትኩ፣ እኔም አብሬው ታሰርኩ።

ደምሴ እባላለሁ። ቶሮንቶ ከመጣሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አብዛኛውን ያሳለፍኩት የከተማ አውቶብስ ስነዳ ነው። ባለቤቴ ወይንሸት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ልጃችንን ናሆምን ስካርቦሮ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ አሳደግነው። የእኔ ምኞት ኢንጂነር እንዲሆን ነበር፤ እሱ ግን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር በረዶ ላይ መንሸራተት ጀመረና በዚያው ቀረ። ሆኪ ለማታውቁ፣ በበረዶ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ ፓክ የሚሏትን ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ እየገፉ ጎል የሚያገቡበት ጨዋታ ነው። ናሆም ተከላካይ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ በምዕራብ በኩል ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ፕሮፌሽናል ቡድን ወሰደው። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ክረምቷ አጥንት ይሰብራል፣ ስለ ቡድኑ የሚጽፈው ጋዜጠኛ አንድ ሰው ነው፣ እሱም የዓሣ ማጥመድ ውድድር ሲኖር ወደዚያ ይሄዳል። ናሆም ግን እዚያ ተመቸው። ውሉ ሊያልቅ ሲል የቶሮንቶ ቡድን እንደሚፈልገው ተሰማ። ኤጀንቱ፣ ማለትም ውል የሚዋዋልለት ሰው፣ የቤተሰቡን ሐሳብ ጠየቀ።

«ባባ፣ ሁለት ዓመት እዚሁ ልቆይ፤ ገና እየተማርኩ ነው» አለኝ ናሆም በስልክ።

«መማር እዚህም ይቻላል። አገርህ እያለ ምን አንከራተተህ?» አልኩት።

እውነቱን ልናገር። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ በናሆም ማልያ ላይ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው የአያት የቅድመ አያት ስም አይደለም፤ እኔው ራሴ ነኝ። በሥራ ቦታዬ ይህን ሁሉ ዓመት ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ አለቃ የለም። ያ ስም የዚህ ከተማ ሰው ጀርባ ላይ ተጽፎ፣ በአውቶብሴ የፊት በር ሲገባና በኋላ በር ሲወርድ ማየት አማረኝ። ምክንያቴ ይኸው ነበር። ለቤተ ክርስቲያናችን ግን «ልጄ ከወላጆቹ ጋር እንዲሆን ጸልዩልን» ብዬ አቀረብኩት። ምእመናኑም አምነውኝ ሦስት ቀን ጾሙ። በሩ ተከፈተ፤ ናሆምም ቃሌን ሰምቶ ለቶሮንቶ ፈረመ። መድረክ ላይ ወጥቼ መሰከርኩ፤ እልልታው እስከ መኪና ማቆሚያው ተሰማ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ከዚያ አንድ ቀን ናሆም ተሳሳተ፤ ጎልም ተቆጠረ። ተከላካይ ሲሳሳት ሁሌም ዋጋው ጎል ነው፤ ያለ መሳሳት ደግሞ የተማረ ተከላካይ የለም። በትንሿ ከተማ ሲሳሳት አሰልጣኙ ወዲያው መልሶ ያስገባው ነበር። የቶሮንቶው አሰልጣኝ ግን ሲሳሳት ከሜዳ አውጥቶ አስቀመጠው። አሰልጣኙም ቢሆን አይፈረድበትም፣ እሱን ራሱን የሚጠብቁ ዐሥር ካሜራዎች አሉ። ናሆም የሚታወቀው ፓኩን በመሀል ሜዳ ሰንጥቆ በድፍረት በማቀበሉ ነበር፤ ቀስ በቀስ እንደዚያ ማቀበሉን ተወ። ፓኩ ሲደርሰው እንደ ትኩስ ፍም ወደ ዳር ይወረውረዋል። የጨዋታ ደቂቃው ማጠሩን ከወንበሬ ሆኜ አየሁ። «ወጣት ነው፣ ይለምደዋል» አልኩ። ከቡድን ጓደኞቹ መካከል እኮ የተመልካቹ ጩኸት ጭራሽ የሚያበረታቸው ነበሩ።

እኔም የራሴን ቀመስኩ። በኤግሊንተን ዌስት መስመር፣ ያ ማለቂያ የሌለው የባቡር ግንባታ መንገዱን በዘጋበት ወቅት፣ አውቶብሱ ቆሞ ይውላል፤ ሰዉ ደግሞ ቆሞ ስለ ሆኪ ያወራል። «ያ ደሚሴ ይባረርልን!» ይላል አንዱ፣ የማልያውን ስም እያጣመመ። ሌላው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሹፌር፣ ትናንት አየኸው ያንን ከንቱ?» ይለኛል። «አላየሁም» እላለሁ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ነው የካደው፤ እኔ በአንድ ፈረቃ አምስት ጊዜ የካድኩበት ቀን አለ። ከመሪው ተነስቼ አልሄድ ነገር፣ ሥራዬ ነው።

ሐሙስ ማታ ናሆም በተጨማሪ ሰዓት በገዛ ጎሉ ፊት ፓኩን ለተቃራኒ ተጫዋች አቀበለ። እሱም አገባ፤ በተጨማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ ስለሚያሸንፍ ጨዋታው በዚያው አለቀ። አዳራሹ በሙሉ ጮኸበት። እኔና ወይንሸት ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ተኛን።

ዓርብ የእረፍት ቀኔ ነበር። አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ናሆም ነው፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ በታክሲ መጥቶ። እናቱ አቀፈችው። ሻይ ቀረበለት፣ አልነካውም።

«ባባ፣ ማሚ፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት» አለ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ የሕንጻው መግቢያ ደወል ጮኸ። ወይንሸት አነሳችው። የጋሽ ተፈራ ድምፅ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

«እኛ ነን ልጄ፣ ክፈቺ።»

ወይንሸት ደንግጣ ቁልፉን ተጫነችው። እኔም ደንግጬ ናሆምን እያየሁ «ልትገናኛቸው ትፈልጋለህ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ኖ፣ ፕሊስ» አለ። ሌላ መውጫ በር የለንም፤ ሊፍቱም አንድ ነው የሚሠራው። መኝታ ቤታችን አስገባሁትና በሩን ዘጋሁበት።

የመጡት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ጡረተኞችና የማታ ፈረቃ የሚሠሩ። እህት አስቴር በትልቅ ሰሃን ምግብ ተሸክማለች። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው አንድ በአንድ ገቡ። አንዳቸውም ፈገግ አላሉም። ጋሽ ተፈራ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

«ልጁስ የት ነው?»

«እዚህ የለም» አልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የመለሰው። ወይንሸት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«እንግዲህ የሚመጣ ከሆነ እንጠብቀዋለን፤ ካልመጣም ከእናንተ ጋር እንውላለን» አሉና ተቀመጡ።

በእኛ ወግ ሐዘን ቤት ገብቶ ወዲያው መውጣት ነውር ነው፤ ብዙ መቀመጥ ደግሞ የፍቅር ማሳያ ነው። እነዚህ ሰዎች በጣም ይወዱናል። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ዝም ይባላል፣ ይተነፈሳል፣ አንዱ «አይ ይቺ ዓለም» ይላል፣ እንደገና ዝም ይባላል። እህት አስቴር የሐሙሱን ስህተት ለማያውቁት በሁለት ማንኪያ አሳየች፤ አንዱ ማንኪያ ልጄ ነበር። እኔ በየሰዓቱ ሰበብ እየፈለግኩ መኝታ ቤት እገባለሁ፤ አንዴ ሹራብ፣ አንዴ የደም ግፊት መድኃኒት። መድኃኒቱን ለሦስተኛ ጊዜ ልወስድ ስነሳ ጋሽ ተፈራ «እንዳትጎዳ ደምሴ» አሉኝ።

ናሆም የአልጋችን ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ያን የሚያክል ሰውዬ ጉልበቱን አቅፎ፣ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጦ ያየዋል። ስልኩ ይነዝራል። ሳሎን ድረስ ተሰምቶ እህት አስቴር «የማነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ወይንሸት «የደምሴ ነው» አለች። በዚያች ቤት እውነት የሚናገር ጠፋ።

«ባባ፣ መታጠቢያ ቤት መሄድ አለብኝ» አለኝ በሹክሹክታ። መታጠቢያ ቤቱ ከሳሎኑ ፊት ለፊት ነው።

«ትንሽ ታገስ፤ ይሄዳሉ።»

«አይሄዱም። ደግሞ ታይም የለኝም። ኤጀንቴ ነው የሚደውለው። ዛሬ የትሬድ ዴድላይን ነው። ከስሪ ፒኤም በኋላ ማንም ወደ ሌላ ቡድን መዛወር አይችልም።»

«ሊሸጡህ ነው?» አልኩት። «ማን አባቱ...»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት።»

አልጋው ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቀስ እያለ፣ አማርኛው ሲያልቅበት በእንግሊዝኛ እየሞላ ነገረኝ። ከወር በፊት እንዲዛወር ጠይቋል። የድሮዋ ትንሽ ከተማ ልትመልሰው ተስማምታለች። የቶሮንቶ ቡድን ደግሞ የሰፈሩን ልጅ አባረረ እንዳይባል የመጨረሻውን ቃል ከእሱ ከራሱ መስማት ይፈልጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት «አዎ» ካላለ ነገሩ ይቀራል፤ ቢያንስ እስከ በጋ እዚሁ ነው።

«ታዲያ ለምን እስካሁን አላልክም?»

«አንተን ሳልጠይቅ?» አለኝ።

የተናደድኩት ያኔ ነው። አልደብቃችሁም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ለልጄ ማዘን አልነበረም። «ባንድ ክረምት? ይህ ሁሉ ሰው ጾሞ? እኔ መድረክ ላይ ቆሜ መስክሬ? ሰው ምን ይላል?» አልኩት፤ ሁሉንም በሹክሹክታ። በሹክሹክታ መቆጣት እንዴት እንደሚያንቅ የሞከረ ያውቀዋል።

መልስ ሳይሰጠኝ ከሳሎን ጸሎት ተጀመረ። የጋሽ ተፈራ ድምፅ ወፍራም ነው፤ በሩን አልፎ አልጋው ድረስ ይመጣል።

«ጌታ ሆይ፣ በጾምና በጸሎት ያመጣኸውን ልጅ በዚህች ከተማ ትከለው። እንዳይነቀል ሥሩን አጥብቀው። ይውጣ የሚሉትን ሁሉ አፋቸውን ዝጋ።»

«አሜን!» አለ ሳሎኑ።

ናሆም ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ባባ፣ ይውጣ የምለው እኔ ነኝ» አለ።

ከአልጋው ራስጌ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ስምንት ተኩል አልፏል። ጸሎቱ ቀጠለ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። እኔ ከበሩ ወጥቼ «አቁሙ» ማለት አልችልም፣ ልጄን ማስወጣት አልችልም፣ ከእሱ ጋር ተቀምጬም ማስታመም አልቻልኩም። ክፍሏ ጠበበችኝ። መስኮቱን ልከፍት ሞከርኩ፤ የከፍታ ሕንጻ መስኮት ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም።

«ቆይ» አልኩት ድምፄን አለዝቤ፣ «ሰው ሁሉ ይጮህበታል። ጓደኞችህም ይጮህባቸዋል። እነሱ እንዴት ቻሉት?»

«እነሱ ሲጮህባቸው ፓኩን ነው የሚያዩት» አለ።

«አንተስ?»

የስልኩን ፊት ወደ መሬት ገለበጠ። ሳሎን ውስጥ እህት አስቴር በእንባ ትጸልያለች።

«ማሚ ባስ ውስጥ የሚሉህን ነገረችኝ» አለ በመጨረሻ። «ፓኩ ወደ እኔ ሲመጣ የት ልስጠው ብዬ አይደለም የማስበው። ነገ ጠዋት አንተ ምን ትሰማለህ ብዬ ነው። ያችን ሰከንድ እሱ ላይ እጨርሳታለሁ። ሰከንዷ ደግሞ አንድ ናት፣ ባባ።»

እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ድምፅ ሳላወጣ ነው፤ ሳሎኑ እንዳይሰማ። ይህ ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ከአሥራ ምናምን ሺህ ሰው ጋር የሚጫወት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የእኔን አውቶብስ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው የሚንሸራተተው። ከተማዋ ጮኸችበት፣ አዎ። ጩኸቱ የሚያልፍበትን በር ከፍቼ የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

«ሂድ» አልኩት። «ከልቤ ነው። ደውልና አዎ በል።»

ስልኩን አነሳና እንደገና አስቀመጠው። «በስውር አልሄድም» አለ። «እነሱ ጾመውልኛል።»

ለዘጠኝ ሰዓት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር በሩን ከፈትኩ። ጸሎቱ መሀል ላይ ነበር። ዓይኑን የገለጠው አንዱ አየንና ጎረቤቱን ጎሰመው፤ ዝምታው ከዚያ ተነስቶ ክፍሉን ዞረ። ወይንሸት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ከፊት፣ ናሆም ከኋላዬ አንገቱን ደፍቶ።

«ዋሽቻችኋለሁ» አልኩ። «ልጁ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት። ሌላም የዋሸኋችሁ አለ። ወደዚህ እንዲመጣ ጸልዩልን ያልኳችሁ ለእሱ አልነበረም፤ ለእኔ ነው። እሱ እዚያው መቆየት ነበር የሚፈልገው። አሁን ሊመለስ ነው፣ እኔም ተስማምቻለሁ።»

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉ።

«ጫማውን ስገባ አይቼዋለሁ» አሉ። «በዚህ ቤት ጀልባ የሚያክል ጫማ የሚጫማ ሌላ ሰው የለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ራስህ እስክትናገር ጠበቅሁ። ሰው በውሸቱ ላይ በር ሲዘጋ ከውጭ አይከፈትም።» ከዚያ ናሆምን ቀና ብለው አዩት። «ና ልጄ። ፈርተኸን ነው?»

«አልፈራሁም፣ ጋሽ ተፈራ። አፍሬ ነው» አለ።

«የማይሳሳት እኮ የለም። ምን ያሳፍርሃል?»

እህት አስቴር ከልቧ አዝና «ታዲያ የጾምነውስ?» አለች።

«የጾምነውማ ተሰምቷል» አሉ ጋሽ ተፈራ፤ «የለመንነው ነው እንጂ ስህተቱ።» ሰዓታቸውን አዩ። «የሚደወል ነገር አለ መሰለኝ። ይሄ ስልክ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲያለቅስ ውሏል።»

ናሆም ሳሎኑ መሀል ቆሞ ደወለ። ዘጠኝ እንግዶች፣ እናቱ፣ እኔ፣ ሁላችንም እናየዋለን። ኤጀንቱ ለረጅም ጊዜ አወራ። ናሆም ሁለት ቃል ብቻ መለሰ፤ «የስ። ሹር።» ስልኩን ዘጋና በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገባ። መጀመሪያ የሳቀችው ወይንሸት ናት።

ከዚያ በኋላ ሰሃኑ ተከፈተና ተበላ። ሲወጡ ጋሽ ተፈራ እንደ ሐዘን ቤት ሳይሆን እንደ ሠርግ ቤት አቀፉኝ፤ እሑድ ግን መድረክ ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ምስክርነቴን እንዳስተካክል አዘዙኝ። አስተካከልኩ። የዚህኛው እልልታ መኪና ማቆሚያው ድረስ አልተሰማም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ፣ የትልቅ ከተማ ጫና ተጫዋች ያበላሻል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ባለሙያ አይደለሁምና በሙሉ አፌ አልናገርም። የልጄ ጓደኞች እዚያው ጩኸት ውስጥ ሆነው ሲያድጉ አይቻለሁ። ናሆምም ቢሆን ትንሿ ከተማ ሲመለስ በአንድ ቀን ኮከብ አልሆነም፤ አሁንም ይሳሳታል። የተለወጠው መሳሳት መቻሉ ነው። እኔ ያወቅኩት ይህን ብቻ ነው፤ ልጅ የሺህ ሰው ጩኸት ሊችል ይችላል፣ የአባቱን ኩራት ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ዶክተር በሏት፣ ዘማሪ በሉት፣ ተጫዋች በሉት፣ ያው ነው። በልጃችሁ ስኬት ላይ ስማችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ክብደቱን መዝኑት።

ይህን ሁሉ አውቄ ተለውጫለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ክረምት ወይንሸትና እኔ ልናየው ሄድን። አዳራሿ ትንሽ ናት፤ ሰዉ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ናሆም ፓኩን ተቀበለ፣ ቀና አለ፣ እንደ ድሮው በመሀል ሰንጥቆ አቀበለ። ተቃራኒው ጠለፈውና ጎል አገባ። ሰዉ «አይይ» ብሎ ተንፍሶ ወደ ሻዩ ተመለሰ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ «ምነው ናሆም!» ብሎ ጮኸ።

የእኔ ድምፅ ነበር። ናሆም ከሜዳው ቀና ብሎ አየኝ። እጄን አፌ ላይ ከድኜ ተቀመጥኩ። አሰልጣኙ የናሆምን ትከሻ መታ መታ አደረገና ወዲያው መልሶ አስገባው።